«ድልድይ» ስለተባለው የሙያ ቃል፤ ከአሞሌ ምንዛሪ እስከ ብሎክቼን

በብሎክቼን ሙያ «ድልድይ» የሚለው ስያሜ ከእንግሊዝኛው ቃል በቃል ተመልሶ ሲሠራበት ይታያል። ፍቺው ስሕተት የለበትም፤ ነገሩን ግን ይሸፍናል። በድልድይ ላይ ተሻጋሪው ራሱ ያልፋል፤ በዚህኛው ግን፣ በብዙው ዓይነት፣ የሚሻገር የለም። ገንዘቡ በአንደኛው መዝገብ ላይ ይታገዳል፤ በሁለተኛው መዝገብ ላይ ምትኩ ይወጣል።

በሁለት ገንዘብ መካከል መመላለስ ለኩልመስክና ለላሊበላ ደጋ እንግዳ ነገር አይደለም። በ19ኛው መቶ ዘመን ከአፋር በረሃ ተቆርጦ የሚወጣው አሞሌ በሰቆጣ ገበያ በኩል ወደ ላስታ ይዘልቅ ነበር፤ ማርትሬዛ ብርም ከባሕር ወደብ ይገባ ነበር። ከጨው ሜዳው በተራቀ መጠን በአንድ ብር የሚገኘው አሞሌ ቍጥሩ ያንሳል፤ ስለሆነም ነጋዴው የት ቢመነዝር እንደሚሻለው ማስላት ነበረበት። ይሁን እንጂ ከመነዘረ በኋላ በእጁ ያለው ራሱ ጨው፣ ወይም ራሱ ብር ነው። የብሎክቼኑ ተሻጋሪ ግን የያዘው የአደራ ምልክት ነው። በመጋቢት 2014 ዓ.ም. ለአንድ የኮምፒዩተር ጨዋታ የተዘረጋው ሮኒን የተባለው ድልድይ ሲዘረፍ፣ ከዘጠኙ የማጽደቂያ ቁልፎች አምስቱ በሌባ እጅ በመውደቃቸው ብቻ ከ600 ሚሊዮን ዶላር በላይ ሄዷል። ስያሜው «አደራ» የሚል ቢኖርበት ኖሮ አንባቢ አስቀድሞ ጠባቂው ማን እንደሆነ በጠየቀ ነበር። ስለዚህ «አደራ ማሻገሪያ» የሚለውን እናቀርባለን።

«ተናባቢነት» ግን መልካም ምርጫ ነው። በግእዝ ሰዋስው «ቤተ ክርስቲያን» ሲባል ሁለቱ ስሞች ማንነታቸውን ሳይለቁ ይናበባሉ፤ የሚለወጠው የፊተኛው መድረሻ ፊደል ብቻ ነው። ኢትስዊች በ2008 ዓ.ም. የባንኮችን የገንዘብ መክፈያ ማሽኖች ሲያገናኝም የተደረገው ይኸው ነበር፤ ልዩነቱ፣ በባንኮቹ መካከል ሒሳብ የሚያወራርድ የታወቀ ተቋም መኖሩ ነው።

ልዩ ልዩ ድልድዮችን በዋጋና በፍጥነት አመዛዝኖ መንገድ የሚመርጠውን አገልግሎት «ድልድይ ሰብሳቢ» ማለት አያስኬድም፤ ድልድይ የሚሰበስብ ማን አለ? «የማሻገሪያ ደላላ» ይሻላል። ደላላ የሚለው ቃል ስሙ እንደማይወደድ እናውቃለን፤ ነገር ግን ሥራው ያው ነው፦ ንብረቱ የእርሱ አይደለም፣ ገበያውን ያውቃል፣ ብዙውን ጊዜም ኮሚሽን ይወስዳል፤ አደራው ቢጠፋም ወደ ጠባቂው ያመለክታል።