የፉሪ ሴይስሞሜትር
የመሬት ንዝረት መለኪያ፣ ፉሪ፣ ደቡብ አዲስ አበባ

ምድር ስትንቀጠቀጥ በመሣሪያው ውስጥ የተንጠለጠለው ክብደት ባለበት ለመቆየት ይታገላል፤ ሣጥኑ ግን ከመሬቱ ጋር ይንቀሳቀሳል። በሁለቱ መካከል የሚፈጠረው ልዩነት ወደ ኤሌክትሪክ ምልክት ተለውጦ ይመዘገባል። በዚህ ዘዴ ከሺህ ኪሎ ሜትሮች ርቀት የተነሣ፣ ሰው ጨርሶ የማይሰማው ንዝረት እንኳ ይያዛል።

በውኃ ውስጥ ያሉ ነገሮችን በድምፅ የሚፈልገው ሶናር በአንጻሩ ድምፁን ራሱ ልኮ መልሱን ይጠብቃል። ድምፅ በባሕር ውስጥ በሰከንድ 1,500 ሜትር ገደማ ይጓዛል። ወደ ጠላቂ የተላከ ድምፅ በ0.4 ሰከንድ ከተመለሰ ጠላቂው በ300 ሜትር ርቀት ላይ ነው። የሰው ገላ አብዛኛው ውኃ ስለሆነ መልሱ ደካማ ነው፤ ጠላቂውን ይበልጥ የሚያጋልጡት በሳንባው ያለው አየርና ከመተንፈሻው የሚወጡት አረፋዎች ናቸው።

የፉሪ ጣቢያ ግን ምንም ድምፅ አይልክም፤ ያዳምጣል ብቻ። እ.ኤ.አ. በ1996 ለፊርማ የቀረበው የኒውክሌር ሙከራን የሚከለክለው ስምምነት ከ120 ረዳት የሴይስሚክ ጣቢያዎች አንዱ አድርጎ መዝግቦታል። ስምምነቱ ለክትትል ባቋቋመው በዚሁ የጣቢያዎች መረብ ውስጥ ውቅያኖስን የሚያዳምጡ 11 ጣቢያዎች አሉ። እ.ኤ.አ. በ2017 ሳን ሁዋን የተባለው የአርጀንቲና ሰርጓጅ መርከብ 44 ሰዎችን ይዞ ሲጠፋ፣ ከእነዚህ ሁለቱ ያልተለመደ የውኃ ውስጥ ድምፅ መዝግበው የፍለጋውን ቦታ ለማጥበብ ረድተዋል። ቅሪቱ ከአንድ ዓመት በኋላ በ900 ሜትር ገደማ ጥልቀት ተገኘ።

ፉሪ ላይ የሚመዘገበው የንዝረት መረጃ ለዓለም ተመራማሪዎች ሁሉ ክፍት ነው።