የእንግዳው ዋስ

ከሐረር ተነሥቶ ወደ ጅጅጋ የሚጓዝ ሰው ሠላሳ ኪሎ ሜትር ያህል እንደ ሄደ ባቢሌን ያገኛል። አብዛኞቻችን ስሟን ያወቅነው ከጠርሙስ ላይ ነው፤ የማዕድን ውሃዋ ከእርሷ ቀድሞ አገር ለአገር ዞሯል። ኦቾሎኒዋን፣ የግመል ገበያዋን፣ እ.ኤ.አ. በ1970 የተከለለውን የዝሆኖች መጠለያ፣ ከከተማዋ አለፍ ብሎ ቋጥኝ ቋጥኝ ተሸክሞ የቆመበትን የዳካታ ሸለቆ የጉዞ መጻሕፍት ስለሚዘረዝሩት አልደግመውም። እኔ ዛሬ ላወጋችሁ የፈለግሁት ስለ አንዲት ትንሽ ጥያቄ ነው። በዚህ መንገድ ላይ የመሸበት ሰው የት ያድራል? ያሳደረውስ ሰው በምን ሕግ ያሳድረዋል?

ደገኛው ለዚህ ጥያቄ የታወቀ መልስ ነበረው። መንገደኛው ከአጥሩ ውጪ ቆሞ «የመሸብን እንግዶች ነን፤ አሳድሩን» ይላል፤ ከውስጥም «ቤት የእግዚአብሔር ነው» የሚል ድምፅ ይመጣል። ዋጋ አይጠየቅም፤ እግሩ ይታጠባል፤ ከተገኘው ይቀርብለታል። ይህን ሁላችንም በናፍቆት እናወሳዋለን። ሆኖም ያው ደጅ በትእዛዝም ይከፈት ነበር። የንጉሥ እንግዳ ሲመጣ ድርጎ የሚሰፍረው፣ ወታደር ሲሠፍርበት አልጋውን የሚለቀው ገበሬው ነው። ዐፄ ምኒልክ እ.ኤ.አ. በ1892 አስራት የተባለውን ግብር ሲደነግጉ፣ ገበሬው በዚያ ምትክ ወታደር በቤቱ ከመመራት እንዲድን ነበር። የእንግዳ ማሳደሪያን ደንብ ታሪክ የሚጽፍ ሰው ቢኖር፣ እምቢ ሊባል ከማይችለው ከዚህ እንግዳ ቢጀምር መልካም ይመስለኛል።

በቆላው፣ ከዘይላ ወደ ሐረር በሚወጣው የሲራራ መንገድ ላይ ግን ነገሩ በሌላ መልክ የተደነገገ ነበር። ሶማሌው «አባን» የሚለው ሰው አለ። መንገደኛው ወደ አንድ ጎሣ ምድር ከመግባቱ በፊት ከዚያ ጎሣ አንድ አባን ይይዛል። አባኑ መሪው፣ አስተርጓሚው፣ ደላላው፣ የማደሪያው ፈላጊ፣ ካስፈለገም ስለ እርሱ የሚዋጋለት ነው። መንገደኛው በበኩሉ ያበላዋል፤ ጨርቅና ትንባሆ ይሰጠዋል፤ ከሚገዛውና ከሚሸጠውም አባኑ ድርሻውን ያነሣል። እንግዳው ቢዘረፍ ወይም ቢገደል ውርደቱ የአባኑ፣ አልፎም የጎሣው ሁሉ ነው። በሶማሌ ባህላዊ ሕግ በሰው ጥላ ሥር የገባ ሰው «ማገን» ይባላል፤ ማገንን መንካት ጥላውን የዘረጋውን መንካት ነው።

እንግሊዛዊው ሪቻርድ በርተን ይህን ደንብ በቅርቡ አይቶታል። እ.ኤ.አ. በ1854 መጨረሻ ዘይላ ላይ በገዢው በሐጂ ሸርማርኬ ቤት አንድ ወር ያህል ተቀምጦ፣ ኅዳር 27 ቀን (በፈረንጆቹ ቀን) በአባኖች እየተመራ ወጣ፤ ዛሬ የጅጅጋ ሜዳ ከምንለው ሣራማ ሰፊ ምድርም ደረሰ። መጀመሪያ የዐረብ ነጋዴ መስሎ ነበር የሚጓዘው። ሐረር ሲቃረብ ግን የተደበቀ እንግዳ ከተገለጠ እንግዳ ይልቅ እንደሚያሰጋ ገባው። ስለዚህ ከዔደን ከእንግሊዙ ሹም ለሐረሩ አሚር የተላከ የሚመስል ደብዳቤ በገዛ እጁ ጻፈ! የዋስነቱን ወረቀት እንግዳው ራሱ ፈርሞ ማለት ነው። እ.ኤ.አ. ጥር 3 ቀን 1855 ወደ ከተማይቱ ገባ፤ አሚር አሕመድም ማደሪያ ሰጡት፤ ከቤተ መንግሥቱ ማእድ ላኩለት። ዐሥር ቀን በደኅና ኖሮ ወጣ። እነዚያን ዐሥር ቀናት በእንግድነትና በእስረኝነት መካከል ነበር ያሳለፋቸው፤ ማደሪያ የሰጠው ሰው የመውጫው ፈቃድ ባለቤትም ነበርና።

የጉዞ ባልደረባው ስፒክ ደግሞ በዚያው ሰሞን በሌላ የሶማሌ ክፍል ሲጓዝ ከአባኑ ጋር ተጣላ። አታለለኝ፣ አዘገየኝ ብሎ ዔደን ላይ ከሰሰው፤ ተፈረደበትም። ለእኔ ይህች ክስ ከአሳሾቹ ጀብዱ ሁሉ ትበልጥብኛለች። በጎሣ ክብር የሚዳኝ ውል ለመጀመሪያ ጊዜ ባይሆን እንኳ በግልጽ በባዕድ ዳኛ ፊት ቀረበ፤ ዳኛውም አባኑን እንደ ተራ ቅጥረኛ ቆጠረው። በርተን አባንነትን ጥንታዊ የመተላለፊያ ቀረጥ አድርጎ ነበር ያየው። ከገንዘቡ በኩል ሲታይ እውነት አለው። ቀረጥ ሰብሳቢ ግን ቀረጥ ስለከፈለው ሰው ደሙን አያፈስም።

ሐረር ከገባን ዘንድ የከተማይቱን ቤት ሳናይ አንለፍ። የሐረሪዎች ቤት («ጌይ ጋር» ይሉታል) ዋናው አዳራሽ ከፍና ዝቅ ባሉ መደቦች የተከፈለ ነው። መደቡ «ነደባ» ይባላል። አሚር ነደባ በሩን ፊት ለፊት የሚያየው የክብር ስፍራ ነው፤ ግድር ነደባ ሰፊው፣ ጢት ነደባ ትንሹ፣ ሱትሪ ነደባ ስውሩ፣ ገብቲ ኤሔር ነደባ ከበሩ ጀርባ ያለው። ጫማ ከደፉ ይቀራል። የገባው ሰው ማን እንደሆነ የተቀመጠበት መደብ ይናገራል፤ ባለቤቱም ከመቀመጫው ሆኖ የሚገባውንና የሚወጣውን ሁሉ ያያል።

ከዚያ ዘመን ወዲህ ደንቡ ከሰው ወደ ወረቀት ተሻገረ። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ስለ ሆቴል ውል የራሱ ክፍል አለው፤ ባለሆቴሉ ለእንግዳው ዕቃ ኃላፊ ነው፤ እንግዳው ካልከፈለ ደግሞ ዕቃውን ይዞ ማቆየት ይችላል። ጥላ መዘርጋት ቀርቶ ሻንጣ መጠበቅ ሆነ። ቃላችንም አብሮ ተለወጠ። ከጣሊያንኛው «ቤርጎ» አልን፤ ቀጥሎ «ፔንሲዮን»፣ «ገስት ሃውስ» አልን። በአማርኛ ግን ከሁሉም በላይ የጸናው «አልጋ» ነው፤ የመሸበት ሰው «ክፍል አለ?» አይልም፤ «አልጋ አለ?» ይላል።

ሐምሌ 19 ቀን 1967 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 47 ትርፍ ቤቶችን ሁሉ የመንግሥት ሲያደርግ ቤት ማከራየት ከግለሰብ እጅ ወጣ። የቀበሌ ዘመን መጣ። ዘመድ እንኳ ከገጠር መጥቶ ቢያድር ማሳወቅ የሚያስፈልግበት ጊዜ እንደ ነበር የዚያ ዘመን ሰዎች አይረሱትም። አባኑ እንግዳውን ከሌላው የሚጠብቅ ነበር፤ በዚያን ጊዜ አስተናጋጁ እንግዳውን ለሌላው የሚያመለክት ሆነ።

ዛሬ በሐረር ጀጎል ውስጥ (ዩኔስኮ በዓለም ቅርስነት የመዘገበው እ.ኤ.አ. በ2006 ነው) አንዳንድ ሐረሪዎች በአባቶቻቸው ቤት እንግዳ በክፍያ ያሳድራሉ። ፈረንጁ በስልኩ ላይ ፎቶውን አይቶ ይመጣል፤ ጫማውን ያወልቃል፤ ነደባው ላይ ያድራል። ባለቤቱ የንግድ ፈቃድ ሊያወጣ፣ ግብር ሊከፍል ይገባዋል፤ ቅርስ ነውና ግድግዳውን እንደ ልቡ ማፍረስም አይችልም። በ2016 ዓ.ም. የወጣው የመኖሪያ ቤት ኪራይ አዋጅ ቁጥር 1320 ውል ይመዝገብ፣ ኪራዩም ከሁለት ዓመት አይነስ ሲል ያሰበው ኑሮ ስለከበደበት ተከራይ ነው፤ የሦስት ሌሊት እንግዳ ሌላ ነገር ነው። የሰለጠኑት ከተሞች በዚህ ላይ ሲጨነቁ ከርመዋል። ባርሴሎና በ2024 የቱሪስት አፓርታማ ፈቃዶቿን በ2028 ሲያበቁ እንደማታድስ አስታወቀች። ኒው ዮርክ ደግሞ ከመስከረም 2023 ጀምሮ ከሠላሳ ቀን ላነሰ ጊዜ እንግዳ የሚያሳድር ሰው እንዲመዘገብ፣ ከሁለት እንግዳ በላይ እንዳይቀበል፣ እርሱም በዚያው ቤት እንዲገኝ፣ በውስጥም በእንግዳውና በእርሱ መካከል የተቆለፈ በር እንዳይኖር አዘዘች። ይህን ባነበብሁ ጊዜ ሳቄ መጣ፤ የኒው ዮርክ ምክር ቤት ስንት ስብሰባ ተቀምጦ የደረሰበትን የጀጎል ግንበኛ በጭቃና በድንጋይ ሠርቶት ነበር።

ወደ ባቢሌ ልመለስ። በዚህ ስም የሚጠራ ወረዳ በኦሮሚያም አለ፣ በሶማሌ ክልልም አለ። እንግዳ ላሳድር ብሎ ፈቃድ የሚጠይቅ ሰው ቤቱ ከየትኛው ወገን እንደቆመ አስቀድሞ ማወቅ አለበት። በ2010 ዓ.ም. ይህ ልዩነት ከፈቃድ ጉዳይ አለፈ። በሁለቱ ክልሎች ወሰን በተነሣው ግጭት በብዙ መቶ ሺህ የሚቆጠር ሕዝብ ተፈናቀለ፤ ከሶማሌ ክልል የወጡ ኦሮሞዎች ያን የሲራራ መንገድ ወደ ሐረር ተመሙበት፤ ከኦሮሚያ የወጡ ሶማሌዎችም ወደ ምሥራቅ። ብዙዎቹ ለዓመታት አብረው የኖሩ፣ የተጋቡ ሰዎች ነበሩ። ከሐረር አጠገብ ሐማሬሳ ላይ መጠለያ ተሠራላቸው። ለአንድ ሌሊት ብለው የገቡ ወራት አደሩ፤ በዚያ ማደሪያ ኪራይ የለም፣ ውል የለም፣ አባንም የለም።

አሁን መንገዱ ክፍት ነው፤ የጫት መኪናው ይበራል፤ ግመሉ ወደ ገበያ ይነዳል። በአልጋ ቤቱ ደጃፍ ያለችው ልጅ መስመር የተሰመረበት ደብተር ትዘረጋለች። ስም፣ የመታወቂያ ቁጥር፣ ከየት እንደመጡ፣ ወዴት እንደሚሄዱ። ትጽፉላታላችሁ፤ ቁልፉን ትሰጣችኋለች፤ ውሃው የሚመጣበትንም ሰዓት ትነግራችኋለች።