የታመቀ አየር በቴአትር መድረክ፦ ከሚኒያፖሊስ ብርድ እስከ አዲስ አበባ ከፍታ

በሚኒያፖሊስ የመኪና ማቆሚያ ሠራተኛ የነበረው ራስል ግሬይ፣ ብርዱ ግራሶን እያጠጠረ በእጅ የሚሠራውን መርጫ ከጥቅም ውጭ ሲያደርግበት በታመቀ አየር የሚገፋ መርጫ ፈለሰፈ። እ.ኤ.አ. በ1926 ከወንድሙ ጋር ያቋቋመው ድርጅት ዛሬ ግራኮ ይባላል።

የአየርና የትዕይንት ዝምድና ግን እጅግ የቆየ ነው። በ1ኛው ክፍለ ዘመን የእስክንድርያው ሄሮን፣ በመሠዊያ እሳት የሞቀ አየር የቤተ መቅደስ በሮችን የሚከፍትበትን ዘዴ ጽፎ ትቷል። በዛሬው መድረክ ደግሞ ከ6 እስከ 7 ባር የታመቀ አየር የወለል መዝጊያዎችን ይከፍታል፤ ተንቀሳቃሽ መድረኮችን ይቆልፋል፤ ከባድ የትዕይንት ዕቃዎችንም በስስ የአየር ንጣፍ ላይ አንሳፎ ጥቂት ሰዎች እንዲገፏቸው ያደርጋል። አየር ተጨምቆ የሚለጠጥ በመሆኑ ግን ዕቃን መንገድ ላይ በትክክል ማቆም ይቸግረዋል፤ ለዚህ ኤሌክትሪክ ሞተር ይሻላል። ድምፁም ሌላ ፈተና ነው። ጸጋዬ ገብረ መድኅን ወደ አማርኛ በመለሰው «ሐምሌት» በ1963 በተከፈተው የሚኒያፖሊሱ ጋትሪ ቴአትር ተመልካች መድረኩን በሦስት ወገን ይከባል፤ እንዲህ ባለ መድረክ ላይ የሚያፏጭ ቫልቭ መደበቂያ የለውም።

የምጣኔ ሀብት ጥያቄው የሚነሣው እዚህ ላይ ነው። ኮምፕሬሰር ከሚወስደው ኤሌክትሪክ ወደ ጠቃሚ ሥራ የሚለወጠው በአብዛኛው ከ10 እስከ 15 በመቶ ብቻ ነው። ጥገና በጎደለበት ቦታ ከታመቀው አየር ከ20 እስከ 30 በመቶው ሾልኮ ይባክናል። በግዢ ርካሽ የሚመስለው መሣሪያ በሥራ ዘመኑ ውድ ይሆናል።

በ1955 የተከፈተው ብሔራዊ ቴአትር የሚገኝባት አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍ ትላለች፤ የአየር ግፊቷም ከባሕር ጠለሉ በሩብ ያህል ያንሳል። ለሚኒያፖሊስ የበቃ ኮምፕሬሰር እዚያ ያንኑ ያህል አየር አያቀርብም። በአንጻሩ የአየር ታንከር መብራት ቢጠፋም የተጀመረን እንቅስቃሴ ለመጨረስ የሚያስችል ኃይል ይይዛል፤ ኮምፕሬሰር የሚያውቅ ሰውም በየጎሚስታው አለ።

ስለዚህ ለአገር ቤት ቴአትር ቤቶች መሣሪያ ለመላክ የምናስብ ሁሉ ከዋጋው በፊት ከፍታውን እናስላ፤ ለመለዋወጫ፣ ለሾልኮሽ ፍተሻና ለባለሙያ ሥልጠና የሚሆነውንም ገንዘብ በዚያው በጀት ውስጥ እንያዝ።