ቁልፉን ማን አመጣው?

«ኮንክሌቭ» የሚለውን ፊልም ያያችሁ፣ በሩ ካርዲናሎቹ ላይ ሲዘጋ ትንፋሻችሁን አልያዛችሁም? ቃሉ ከላቲን የመጣ ነው፤ «በቁልፍ» እንደ ማለት። ግን መጀመሪያ የተቆለፈው ምስጢር እንዳይወጣ እንዳይመስላችሁ!

በ1268 እ.ኤ.አ. ፖፕ ክሌመንት 4ኛ ጣሊያን ውስጥ፣ ቪተርቦ ከተማ አረፉ። ካርዲናሎቹ ተተኪ ሊመርጡ እዚያው ተሰበሰቡ። የፈረንሳይና የጣሊያን ወገን ተብለው ተከፋፈሉና ሦስት ዓመት ሊሞላ ጥቂት እስኪቀረው ድረስ አልተስማሙም። የከተማው ሰው መረረው። ቆለፈባቸው፣ ምግብ ቀነሰባቸው፣ ጭራሽ የቤቱን ጣሪያ አነሳባቸው! በ1271 በመጨረሻ የመረጡት ካርዲናል እንኳ ያልሆነ፣ ያኔ በመስቀል ጦርነት ምክንያት አካ የነበረ ሰው ነው፤ ጎርጎርዮስ 10ኛ ተባሉ።

እሳቸውም ነገሩን አልረሱትም። በ1274 በሊዮን ጉባኤ ቁልፉን ሕግ አደረጉት፦ በሦስት ቀን ካልመረጡ በየማዕዱ አንድ ዓይነት ምግብ ብቻ፤ ከዚያ አምስት ቀን ካለፈ ዳቦ፣ ውሃና ወይን።

በ2025 የፖፕ ፍራንሲስ ተተኪ ሲመረጥ ከ133ቱ መራጮች አንዱ የኛው ካርዲናል ብርሃነኢየሱስ ነበሩ። በሁለት ቀን አለቀ።

ተማሪዎቼ፣ ይቺን ያዙልኝ፦ ዛሬ እንደ ቅዱስ ሥርዓት የምናየውን ቁልፍ በቪተርቦ ያዞረው መጠበቅ የሰለቸው ሕዝብ ነው።