የበር ምሪት

የበር ምሪት ራውተር ከኢንተርኔት የመጣን ጥያቄ ተቀብሎ በቢሮው ውስጥ ወዳለ አንድ ኮምፒውተር የሚያደርስበት ሥርዓት ነው። ባለሙያዎች ፖርት ፎርዋርዲንግ ይሉታል። «ፖርት»ን ወደብ ማለት ይቻል ነበር፤ ወደብ ግን ባሕርና መርከብን ያሳስባል። በር የቤት መግቢያም፣ እንደ ጣርማ በር ያለ የተራራ ማለፊያም ስለሆነ ለደጋ ሰው ይቀርባል። «ምሪት» የተባለውም ራውተሩ እንግዳውን እየመራ ከባለቤቱ ስለሚያደርሰው ነው።

ላሊበላ ላይ ከቤተ ጊዮርጊስ ቤተ ክርስቲያን አፋፍ የቆመ ሰው የመስቀል ቅርጽ ያለውን ጣሪያ ቁልቁል ያየዋል፤ ከደጁ ለመድረስ ግን በአለቱ ውስጥ በተቆረጠው መተላለፊያ መውረድ አለበት። የፋይል ማጋሪያ ሰርቨርም መኖሩ ቢታወቅም መውረጃው ካልተበጀለት አይደረስበትም። እንደ 192.168.1.20 ያለው የሰርቨሩ አድራሻ ከቢሮው ውጭ አይሠራም፤ ከውጭ የሚታየው የራውተሩ አድራሻ ብቻ ነው። ስለዚህ በየትኛው የበር ቁጥር የመጣ ጥያቄ ወደየትኛው ኮምፒውተር እንደሚሄድ ለራውተሩ አስቀድሞ ይነገረዋል። የበር ቁጥሮቹ እስከ 65,535 ይደርሳሉ።

ለምሳሌ ላሊበላ የሚገኝ የአስጎብኚ ቢሮ ፎቶግራፎቹን በሰርቨር አስቀምጦ ወልድያ ያለው ባልደረባ ሊከፍታቸው ቢያቅተው፣ ፍተሻው ከውስጥ ይጀምራል። ፋይሉ እዚያው ቢሮ ካለ ሌላ ኮምፒውተር ካልተከፈተ ጥፋቱ ከሰርቨሩ ወይም ጥያቄን ከሚያግደው ፋየርዎሉ ነው። መብራት ሄዶ ሲመለስ የሰርቨሩ የውስጥ አድራሻ ተቀይሮ ሊሆን ይችላል፤ ያን ጊዜ ምሪቱ ባዶ ቤት ያደርሳል። አድራሻውን ቋሚ ማድረግ ይህን ያስቀራል። የውጭው ሙከራ ደግሞ በሞባይል ዳታ እንጂ በዚያው ቢሮ ዋይፋይ መደረግ የለበትም፤ ብዙ ራውተሮች ከውስጥ ወጥቶ በራሳቸው በር የሚመለስን ጥያቄ ስለማያስተናግዱ ውጤቱ ያሳስታል።

ብዙ ሰው ቀናት የሚያባክንበት ችግር ግን ሌላ ነው። ራውተሩ ላይ የሚነበበው የኢንተርኔት አድራሻና ድረ ገጾች የሚያዩት አድራሻ ከተለያዩ፣ ከራውተሩ በላይ ሌላ በረኛ አለ ማለት ነው። የኢንተርኔት አገልግሎት ሰጪዎች አድራሻ ስለሚያጥራቸው አንዱን ለብዙ ደንበኞች ያካፍላሉ፤ በ2012 እ.ኤ.አ. ከ100.64 እስከ 100.127 የሚጀምሩት አድራሻዎች ለዚሁ ተለይተዋል። በሞባይል ኔትወርክ ለሚገናኝ ቢሮ ይህ የተለመደ ነው። በዚህ ሁኔታ የቢሮው የበር ምሪት የቱንም ያህል በትክክል ቢሠራ ጥያቄው ከላይኛው በረኛ አያልፍም። መፍትሔው ከአገልግሎት ሰጪው የራስ የሆነ አድራሻ መጠየቅ ወይም ቪፒኤን መጠቀም ነው፤ በቪፒኤን ሰርቨሩ ራሱ ወደ ውጭ ወጥቶ ከባልደረባው ጋር ይገናኛል።

ዊንዶውስ ፋይል የሚያጋራበት 445 ቁጥር በር ግን ምሪት ሊደረግለት አይገባም። ግንቦት 2017 እ.ኤ.አ. ዋናክራይ የተባለው ቫይረስ ዓለምን ያዳረሰው በዚሁ በር ነው።