የናታንያ አልማዝ ጠራቢዎችና የኤሌክትሮን መስፈሪያ

ዛሬ ብዙ ቤተ እስራኤላውያን የሚኖሩባት ናታንያ በ1929 እ.ኤ.አ. ከሜዲትራኒያን ባሕር ዳርቻ በላይ በሚነሣው የአሸዋ ድንጋይ ገደል አናት ላይ ስትቆረቆር ኑሮዋ በብርቱካን እርሻ ላይ የተመሠረተ ነበር። ሁለተኛው የዓለም ጦርነት የመርከብ መንገዱን ሲያውከው ፍሬው ገበያ አጣ፤ በግንቦት 1940 ጀርመን ቤልጅምን ስትወርር ደግሞ የአንትወርፕ የአልማዝ ሥራ ተሽመደመደ። የከተማዋ የመጀመሪያ ከንቲባ ኦቬድ ቤን-አሚ ይህን ክፍተት አይተው ሙያውን ወደ ናታንያ በማምጣት በኩል ብዙ ደከሙ፤ በኋላ ግን ንግዱ ቀስ በቀስ ወደ ራማት ጋን ከተማ አደላ።

ጠራቢው አልማዝን የሚሞርደው ዘይት የተቀባ የአልማዝ ዱቄት በለበሰ፣ በሚሽከረከር የብረት ዲስክ ላይ ነው። አልማዝ አልማዝን ሊበላ የሚችለውም ጥንካሬው እንደ አቅጣጫው ስለሚለያይ ብቻ ሲሆን፣ በጠንካራ ጎናቸው የተገኙት የዱቄቱ ቅንጣቶች የድንጋዩን ልል ጎን ይፍቁታል።

ለዚህ ጠባዩ ምክንያቱ እያንዳንዱ የካርቦን አተም ከአራት ጎረቤቶቹ ጋር ኤሌክትሮን በመጋራት መያያዙ ነው። በሁለት ጎረቤት አተሞች መካከል ያለው ርቀት 0.154 ናኖሜትር ሲሆን፣ ይህም ኒልስ ቦር በ1913 ለሃይድሮጅን ያሰሉት የአተም ሬዲየስ ሦስት እጥፍ ያህል ነው። የቦር ሬዲየስ የሚገኘው ከፕላንክ ቋሚ፣ ከኤሌክትሮን ሙል (የኤሌክትሪክ መጠኑ) እና ከኤሌክትሮን መጠነ ቁስ ነው። የካርቦን ኒውክለስ ከኤሌክትሮን 22 ሺህ ጊዜ ያህል ቢከብድም በዚህ ስሌት ውስጥ ድርሻው ከቁጥር አይገባም፤ የግዙፉን ቦታ የሚወስነው ቀላሉ ነው። ከኤሌክትሮን 207 ጊዜ የሚከብደው ሙዮን የሚባለው ቅንጣት የኤሌክትሮኑን ቦታ ቢወስድ፣ አልማዙ በዚያው ልክ በጠበበ ነበር።

የቦር ሬዲየስን ከሌሎች የኤሌክትሮን ርዝመቶች ጋር የሚያገናኘውም፣ አርኖልድ ዞመርፌልድ በ1916 ያስተዋወቁት 1/137 ገደማ የሆነ ቁጥር የኤሌክትሮንን ሙል፣ የብርሃንን ፍጥነትና የፕላንክን ቋሚ ያያይዛል። የቦር ሬዲየስ በ137 ሲካፈል በ2π የተካፈለው የኤሌክትሮን የኮምፕተን ርዝመት ይገኛል፤ ይህም እንደገና በ137 ሲካፈል ክላሲካል የሚባለው የኤሌክትሮን ሬዲየስ ይወጣል። አንድ ቅንጣት ሦስት ርዝመቶችን እንዲህ በአንድ ቁጥር ማሰሩ ከፊዚክስ ድንቆች አንዱ ነው፤ ቁጥሩ ራሱ ለምን 1/137 ላይ እንደተገኘ ግን እስከ ዛሬ መልስ የለውም። በ1982 ያዕቆብ ቤከንስታይን የኤሌክትሮን ሙል በቦታና በጊዜ ሊለወጥ የሚችልበትን ንድፈ ሐሳብ አቀረቡ፤ የአተም ሰዓቶችን በማነጻጸር የተደረገው ልኬት ግን የቁጥሩ ለውጥ ቢኖር እንኳ በዓመት ከ10 ሺህ ትሪሊዮን አንዱን እጅ እንደማያልፍ አሳይቷል።