ከመርገም ጎጆ እስከ ሆስፒታል፦ ያለ ማደንዘዣ መውለድ



ነታኒያ ገብታችሁ ለመውለድ ሆስፒታል ስትደርሱ «ኤፒዱራል ትፈልጊያለሽ?» ተብላችሁ ትጠየቃላችሁ። ይህ በጀርባ በኩል የሚሰጥ የምጥ ማደንዘዣ ነው። ያለ እርሱ መውለድ ለእኛ አዲስ ነገር አይደለም።

በጎንደርና በስሜን መንደሮች የቤተ እስራኤል ሴት ምጥ ሲይዛት ከመንደሩ ዳር ወዳለው የመርገም ጎጆ ትሄድ ነበር። ጎጆው በድንጋይ የተከበበ ስለሆነ ምግብ የሚያመጣላት ሰው ድንጋዩን ሳያልፍ አኑሮላት ይመለሳል። ወንድ ከወለደች አንድ ሳምንት፣ ሴት ከወለደች ሁለት ሳምንት በዚያ ቆይታ ወደ አራስ ጎጆ ትዛወራለች። በኦሪት ዘሌዋውያን ምዕራፍ 12 እንደ ታዘዘው፣ ለወንድ 40 ለሴት 80 ቀን ሲሞላ ውሃ ወርዳ፣ ልብሷን አጥባ ወደ ቤቷ ትገባለች።

መድኃኒት አልነበረም፤ ሰው ግን ነበር። አንዷ ከኋላ ደግፋ፣ ሌላዋ ወገቧን እያሸች፣ ተንበርክካ ወይም ቁጢጥ ብላ ታምጣለች። በእኔ አስተያየት የእናቶቻችን ብርታት ከዚህ የመጣ ነው። ደም የፈሰሳት ወይም ሕፃኑ በጎን የመጣባት ግን ሐኪም ሳታይ ትሞት ነበር። ይህን ሸፍኖ ጎጆውን ብቻ ማወደስ አይገባም።

በእስራኤል የ1953 የብሔራዊ መድን ሕግ (ቢቱዋሕ ሌኡሚ) በ1954 ሥራ ላይ ሲውል፣ የወሊድ ድጎማ በሆስፒታል ከመውለድ ጋር ስለ ተያያዘ፣ ከየአገሩ የመጡ እናቶች በብዛት ወደ ሆስፒታል ገቡ። የእኛም ተራ ደረሰ። ግንቦት 1991 በዘመቻ ሰሎሞን ከ14,000 በላይ ሰው በ36 ሰዓት ሲጓጓዝ፣ አውሮፕላን ውስጥ የተወለዱ ሕፃናት ነበሩ። እዚህ ነታኒያ ኪርያት ሳንዝ ያለውን ላኒያዶ ሆስፒታልን በ1970ዎቹ አጋማሽ ያቋቋሙት ረቢ የቁቲኤል የሁዳ ሃልበርሽታም፣ ሚስታቸውንና 11 ልጆቻቸውን በናዚዎች ዘመን ያጡ ሰው ነበሩ።

ሆስፒታሉ ሐኪሙን ሰጠን፤ የጎጆውን ደጋፊ ሴቶች ግን ራሳችን መጠየቅ አለብን። የ1996ቱ የታካሚ መብት ሕግ፣ ከድንገተኛ አደጋ በቀር፣ ሐኪም አስረድቶ ፈቃድ ሳይቀበል ሕክምና እንዳይሰጥ ያዛል። ስለዚህ ምጡ ሳይመጣ በፊት አሳባችሁን በዕብራይስጥ አጽፉ፦ ማደንዘዣ እንደማትፈልጉ፣ መሄድና መንበርከክ እንደምትፈልጉ፣ እናት ወይም እህት አብራችሁ እንድትገባ። ስንት ሰው እንደሚያስገቡ አስቀድማችሁ ጠይቁ። አስተርጓሚም ጠይቁ፤ የጤና ሚኒስቴር በ2011 ስለዚህ መመሪያ አውጥቷል። ትንሽ ልጅ ለእናቱ ምጥ አስተርጓሚ አይሁን።

ሕመሙን ዝም ብላችሁ ከቻላችሁት አዋላጇ ምጡ ገና የራቀ ሊመስላት ይችላልና ንገሯት። ደም ከበዛ ወይም የሕፃኑ የልብ ትርታ ከደከመ ግን ወረቀቱ ይቆይ፣ ሐኪሙ ይሥራ። መካከል ላይ ማደንዘዣ ያማራት እናትም ትጠይቅ፤ ነውር የለውም።

ገንፎውን ግን ከቤት ይዛችሁ ሂዱ።